ፎርማት ከመደረጉ በፊት

የመካነ ሰላምና የአካባቢዋ ነዋሪዎች፣ የመቅደላ አምባ ዩኒቨርሲቲ መምህራንና ተማሪዎች፣ ሱቃችሁን ዘግታችሁ የመጣችሁ የኮምፒውተር ጥገና ባለሙያዎች፣

የሰጣችሁኝ ርዕስ «ስለ ኦፕን ሶርስ ሶፍትዌር ይንገሩን» የሚል ነው። ሰፊ ነው፤ አንድ ቀን ሙሉ ባወራ አይበቃኝም። ስለዚህ አጥብቤ ስለ አንድ ችግር ብቻ ልናገር። ኡቡንቱ የሚባለው ሊኑክስ ተጭኖ ሲያልቅ ድምፁ ስለሚጠፋ ላፕቶፕ። ርዕሱ ለዲስኩር ያነሰ የመሰላችሁ ትኖራላችሁ። ይሁንና ሊኑክስን ሞክረው የተዉትን ሰዎች ብትጠይቁ፣ ከአስተሳሰቡ ጋር ተጣልቶ የተወው አታገኙም። ስክሪኑ አምሮ፣ ዋይፋዩ ይዞ፣ ፊልሙ ተከፍቶ፣ ተዋናዩ አፉን እያንቀሳቀሰ ድምፅ የለም። ባለቤቱ ላፕቶፑን ብብቱ ሥር ሸጉጦ ወደ ሱቅ ይወርዳል። ሱቅ ውስጥ ደግሞ ለሁሉም በሽታ አንድ መድኃኒት አለ፤ «ፎርማት ይደረግ»። ክራክ የተደረገው ዊንዶውስ ይመለሳል፣ የመመረቂያ ጽሑፉም አብሮ ይጠፋል።

እዚህ ያላችሁ የጥገና ባለሙያዎች አትቀየሙኝ። ፎርማት ፈጣን ነው፣ ደንበኛውም ቆሞ እየጠበቀ ነው፤ ይገባኛል። ግን ዛሬ የመጣሁበት ነገር አንድ ነው፤ ደጋግሜም እለዋለሁ። ድምፅ ሲጠፋ ፎርማት አታድርጉ፤ ድምፁ የት ቦታ እንደቆመ ፈልጉ።

በመጀመሪያ ይህ ጉዳይ ዛሬ ለምን እንደሚነሳ ላስረዳ። ማይክሮሶፍት ለዊንዶውስ 10 የሚሰጠውን መደበኛ ድጋፍ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. አቁሟል። ዊንዶውስ 11 ደግሞ የደኅንነት ቺፕ ይፈልጋል፤ የኢንቴል ፕሮሰሰር ከሆነም፣ ከጥቂቶች በቀር፣ ስምንተኛ ጄኔሬሽንና ከዚያ በላይ ካልሆነ አልቀበልም ይላል። በየሱቁ መደርደሪያ ላይ የምታዩአቸው ያገለገሉ ላፕቶፖች ብዙዎቹ ከዚያ በታች ናቸው። ማሽኑ ደህና ነው፣ ባትሪውም ይይዛል፣ ግን በማይክሮሶፍት ዘንድ ጡረታ ወጥቷል። እንዲህ ላለው ማሽን ኡቡንቱ፣ ሚንት ወይም ደብያን መጫን የድሃ አማራጭ ተደርጎ መታየት የለበትም፤ ለእኔ እንዲያውም ትክክለኛው ምርጫ ይህ ነው። ስለዚህ ከአሁን በኋላ ኡቡንቱ የሚጫንባቸው ላፕቶፖች ይበዛሉ፤ ድምፃቸው የጠፋባቸውም ይበዛሉ።

በሁለተኛ ደረጃ፣ ድምፅ ለማን ነው? ዘፈን ለሚሰማ ብቻ የሚመስለው ሰው አለ። ማየት የተሳነው ተማሪ አስቡ። ኡቡንቱ ውስጥ ኦርካ የሚባል፣ ስክሪኑ ላይ ያለውን ጽሑፍ ጮክ ብሎ የሚያነብ ፕሮግራም አብሮ ይመጣል። የዊንዶውስ ምልክት ያለበትን ቁልፍ ከአልትና ከኤስ ጋር አንድ ላይ ስትጫኑ ይነሳል። የሚናገርበት ሞተር፣ ኢስፒክ ኤንጂ፣ አማርኛም ይችላል። አነጋገሩ የሮቦት ነው፣ ማጥበቅና ማላላት ላይም ይሰናከላል፤ ቢሆንም ይሰማል። እንግዲህ ለዚህ ተማሪ ድምፅ የሌለው ላፕቶፕ ማለት ስክሪኑ የማይበራ ላፕቶፕ ማለት ነው። ቤተ ሙከራ ውስጥ ሃያ ኮምፒውተር አሰልፋችሁ «ድምፁን በኋላ እናየዋለን» ስትሉ ይህን ልጅ አስታውሱት።

«ሊኑክስ ጭራሽ ድምፅ አያውቅም» የሚሉ አሉ። እስቲ ስልካችሁን አውጡ። አንድሮይድ የያዛችሁ ሁሉ ኪሳችሁ ውስጥ ያለው የሊኑክስ ከርነል፣ ማለትም የሲስተሙ እምብርት፣ ነው። የጥሪው ደወል፣ የመንዙማው ቪዲዮ፣ የሰንበቱ ስብከት፣ ሁሉም በሊኑክስ የድምፅ ድራይቨር በኩል አልፎ ነው ጆሯችሁ የሚደርሰው። ልዩነቱ የስልኩ አምራች ለዚያች አንዲት ቦርድ ብሎ በልኳ ያዘጋጀው መሆኑ ነው። ላፕቶፑን ግን የሠራው ኩባንያ ዊንዶውስን ብቻ አስቦ ሠርቶት፣ ሊኑክስ ኋላ ላይ ነው በእንግድነት የገባው።

አገራችን ውስጥ ስለሆነ አንድ ታሪክ ላንሳ። በ2000 ዓ.ም. ገደማ አንድ ላፕቶፕ ለአንድ ልጅ የተባለው ፕሮግራም በአዲስ አበባና በገጠር ትምህርት ቤቶች ጥቂት ሺህ ትንንሽ ላፕቶፖች አሰራጭቶ ነበር። ፌዶራ ሊኑክስ ነበር ያለባቸው። ጥቂት ዓመታት ቆይቶ ያው ድርጅት ወንጪና ወለንጪቲ አካባቢ ባሉ ሁለት መንደሮች፣ ትምህርት ቤት ለማያውቁ ልጆች ታብሌት በካርቶን አሽጎ ሰጠ፤ አስተማሪ አልተመደበም። አስገራሚው ክፍል ካሜራው ነው። ከመሰጠቱ በፊት ታብሌቱን ሲያዘጋጁ ካሜራውን ዘግተውት ነበር። ፕሮግራሙን የመሩት ሰዎች በ2005 ዓ.ም. መባቻ እንደተናገሩት፣ ልጆቹ በወራት ውስጥ ታብሌቱ ካሜራ እንዳለው ደርሰውበት ከፍተውታል። ካሜራው ተበላሽቶ አልነበረም፤ ተዘግቶ ነበር። የዛሬው ርዕሴ ላይ ያሉት ላፕቶፖች አብዛኞቹ እንደዚያው ናቸው።

ሦስተኛውና ረጅሙ ነጥቤ አፈላለጉ ነው። ሰፈር ውስጥ የቦኖው ውኃ ሲጠፋ ማንም ቦኖውን ነቅሎ አይጥልም። ታንከሩ ውስጥ ውኃ አለ ወይ? ዋናው መስመር ተከፍቷል? ወደ ሰፈራችን የሚገነጠለው ቧንቧስ? መጨረሻ ላይ ቧንቧው አፍ ይደረሳል። የድምፅ አካሄድም እንዲሁ ነው። ታች ሃርድዌሩ አለ። ከላዩ ከርነሉ ውስጥ ያለው ድራይቨር አለ፤ አልሳ ይባላል፣ ያሮስላቭ ኪሴላ የሚባል ሰው እንደ ፈረንጆቹ በ1998 የጀመረው ነው። ከአልሳ በላይ የብዙ ፕሮግራሞችን ድምፅ ሰብስቦ የሚያከፋፍለው የድምፅ ሰርቨር አለ። ከዚያ በላይ እናንተ የምታዩት ሴቲንግና ማጫወቻው ናቸው።

ከላይ እንጀምር፤ ከላይ ያለው ይቀላልና። ሴቲንግ ግቡ፣ ሳውንድ የሚለውን ክፈቱ፣ አውትፑት የሚለውን ዝርዝር እዩ። ብዙ ጊዜ ድምፁ አልጠፋም፤ ሌላ በር ይዞ ወጥቷል። በኤችዲኤምአይ ገመድ ከሞኒተር የተያያዘ ዴስክቶፕ ድምፁን ወደ ሞኒተሩ ይልካል፣ ሞኒተሩ ደግሞ ስፒከር የለውም። ከዝርዝሩ አናሎግ ወይም ስፒከር የሚለውን ስትመርጡ ያለቀ ጉዳይ ነው። ዝርዝሩ ውስጥ «ደሚ አውትፑት» የሚል ብቻ ካያችሁ ግን ነገሩ ሌላ ነው። የድምፅ ሰርቨሩ አንድም ካርድ አላገኘም፣ ባዶ ቦታ እንዳይሆን ብቻ የይስሙላ መውጫ አስቀመጠ ማለት ነው። ያን ጊዜ ሴቲንጉን መነካካት ተዉትና ወደ ታች ውረዱ።

አሁን ተርሚናል እንከፍታለን። ትዕዛዞቹን ሰሌዳው ላይ ስለጻፍኳቸው ገልብጡ። የመጀመሪያው አልሳሚክሰር ነው። ጥቁር ስክሪን ላይ ቀጫጭን ዓምዶች ይመጣሉ። እዚህ ብዙ ሰው የሚሳሳትበት ነገር አለና ልብ በሉ። በአዲሶቹ ኡቡንቱዎች መጀመሪያ የምታዩት እውነተኛውን ካርድ አይደለም፤ አንድ ዓምድ ብቻ ይታያችኋል፣ እሱም የሰርቨሩ ነው። ኤፍ 6ን ተጫኑና ከዝርዝሩ የራሱን የካርዱን ስም ምረጡ። አሁን ማስተር፣ ሄድፎን፣ ስፒከር፣ ፒሲኤም የሚሉ ዓምዶች ይደረደራሉ። ከእያንዳንዱ ዓምድ ግርጌ ትንሽ ሳጥን አለች። ሳጥኗ ውስጥ ሁለት ዜሮ ካለ ክፍት ነው፤ ሁለት ኤም ካለ ዝግ ነው። ስፒከር ላይ ሁለት ኤም ካያችሁ በቀስት ቁልፍ እዚያ ድረስ ሂዱና ኤምን አንድ ጊዜ ተጫኑ። ኤሞቹ ወደ ዜሮ ይለወጣሉ። በላይኛው ቀስት ደግሞ ከፍ አድርጉት። ይኸው ነው። አንድ ፊደል ለመጫን ሙሉ ዲስክ ሲጠረግ ኖሯል!

ይህ ለምን ይሆናል ብትሉኝ፣ አልሳ ከመጀመሪያው አዲስ ያገኘውን ካርድ ዘግቶ ነው የሚያስነሳው። ድንገት ጮሆ ስፒከር እንዳያበላሽ፣ ጆሮም እንዳይጎዳ ነው። ከዚያ በኋላ መክፈት የሲስተሙ ፈንታ ነው፤ አንዳንድ ማሽን ላይ የትኛውን ዓምድ እንደሚከፍት ይስታል። ከፍታችሁ ስትጨርሱ አልሳሲቲኤል ስቶር የሚለውን በሱዶ፣ ማለትም በአስተዳዳሪ ሥልጣን፣ አስገቡ፤ ሁኔታውን ይመዘግበዋል።

እዚያው አልሳሚክሰር ውስጥ ወደ ቀኝ ጥግ ስትሄዱ አውቶ ሚዩት የሚል ታገኛላችሁ። ሥራው ኢርፎን ሲሰካ ስፒከሩን መዝጋት ነው። ያገለገለ ላፕቶፕ የኢርፎን መሰኪያው አቧራ ሲይዝ፣ ወይም ውስጡ ያለችው ቀጭን ብረት ስትጎብጥ፣ ማሽኑ ሁልጊዜ ኢርፎን የተሰካ ይመስለዋል። ስለዚህ ስፒከሩን ዝም ያሰኛል። የበጋ አቧራችንን ታውቁታላችሁ። መሰኪያውን በደረቅና ለስላሳ ነገር አጽዱ፣ ኢርፎን ሰክታችሁ ንቀሉ፤ እምቢ ካለ አውቶ ሚዩትን ወደ ዲሴብልድ አዙሩት።

ካርዱ ከነጭራሹ ዝርዝሩ ውስጥ ከሌለስ? ሁለት ትዕዛዞችን አስተያዩ። ኤልኤስፒሲአይ ቦርዱ ላይ ያለውን ሃርድዌር ይዘረዝራል፤ አፕሌይ ሰረዝ ኤል ደግሞ ድራይቨሩ የተቀበላቸውን ካርዶች። መጀመሪያው ላይ ኦዲዮ የሚል መስመር ከሌለ ባዮስ ግቡ። የመሥሪያ ቤት የነበሩ ዴልና ኤችፒ ላፕቶፖች ባዮስ ውስጥ ኦዲዮን ማጥፊያ አላቸው፤ የቀድሞው ባለቤት መሥሪያ ቤት ዘግቶት ሊሆን ይችላል። መጀመሪያው ላይ ካለና ሁለተኛው ላይ ከሌለ ግን ጉዳዩ የድራይቨር ወይም የፈርምዌር ነው።

ፈርምዌሩ ላይ ትንሽ ልቆይ። ከ2019 እስከ 2020 ገደማ፣ በፈረንጆቹ ማለቴ ነው፣ ብዙ የኢንቴል ላፕቶፖች ድምፃቸው ድምፅ በሚያቀናብር ትንሽ ፕሮሰሰር በኩል የሚያልፍ ሆነ፤ በተለይ ስክሪኑ ጫፍ ላይ ዲጂታል ማይክሮፎን ያላቸው። ያ ፕሮሰሰር ሲነሳ የሚጫንለት ፋይል ይፈልጋል፤ ሳውንድ ኦፕን ፈርምዌር ይባላል፣ ባጭሩ ሶፍ። ፋይሉ ከሌለ ካርዱ አይነሳም። ዲሜሴጅ የሚለውን ትዕዛዝ በሱዶ አስገብታችሁ ሶፍ የሚል ያለበትን መስመር ፈልጉ። መጨረሻው ላይ ኔጌቲቭ 2 የሚል የስህተት ቁጥር ካለ፣ ፋይሉ አልተገኘም እያላችሁ ነው። ማሽኑ የጎደለውን በግልጽ እየተናገረ ሰው ግን አያነበውም። አሁን ያሉት ኡቡንቱዎች ፋይሉን ይዘው ይመጣሉ። ደብያን ግን ለረጅም ዘመን ነፃ ፈቃድ የሌላቸውን ፈርምዌሮች ከዋናው መጫኛ ሲያስወጣ ኖሮ፣ በጥቅምት 2022 አባላቱ ድምፅ ሰጥተው ደንቡን ቀይረዋል። በሰኔ 2023 የወጣው ደብያን 12 ይዟቸው መጣ። ስለዚህ እጃችሁ ላይ ያለው የቆየ የደብያን ፍላሽ ከሆነ፣ ችግሩ ከላፕቶፑ ሳይሆን ከፍላሹ ሊሆን ይችላል።

ዊንዶውስና ኡቡንቱን ጎን ለጎን የጫናችሁ ደግሞ አንድ ወጥመድ አለባችሁ። ዊንዶውስ ሻትዳውን ስትሉት ሙሉ በሙሉ አይጠፋም፤ ፋስት ስታርትአፕ በሚሉት ዘዴ ግማሽ እንቅልፍ ይተኛል። የድምፅ ቺፑን በራሱ አኳኋን ትቶት ይሄድና ኡቡንቱ ሲነሳ ሊያናግረው ያቅተዋል። ሺፍትን ይዛችሁ ሻትዳውን በሉት፤ ያን ጊዜ በእርግጥ ይጠፋል። ባትሪው የሚነቀል ከሆነም ነቅላችሁ ጥቂት ቆዩና መልሱ።

ስለ ድምፅ ሰርቨሩ አጠር ላድርግ። ኡቡንቱ ፐልስኦዲዮን እንደ ፈረንጆቹ በሚያዝያ 2008 አስገባ፤ በጥቅምት 2022 ደግሞ ዊም ታይማንስ በጀመረው በፓይፕዋየር ተካው። ይህን የምነግራችሁ ለታሪክ ብዬ አይደለም። ከአሥራ አምስት ዓመት በፊት የተጻፈ «ፐልስኦዲዮን አውጥታችሁ ጣሉ» የሚል ምክር ዛሬም ከእጅ ወደ እጅ ይዞራል። አትከተሉት፤ ይባስ ብሎ ዴስክቶፑንም ይዞት ሊሄድ ይችላል። ሰርቨሩ ተጣብቆ ከሆነ እንደገና የሚያስነሳው ትዕዛዝ ሰሌዳው ላይ አለ፤ ሱዶ አያስፈልገውም። ከዚያ በኋላም ካልሠራ ሌላ ዩዘር ፍጠሩና በእሱ ግቡ። እዚያ ድምፅ ካለ፣ የተበላሸው የራሳችሁ አካውንት ሴቲንግ ብቻ ነው።

አሁን አራተኛው ነጥብ ላይ ደረስን፤ እኔ ከሁሉ አብልጬ የምወደው ይህን ነው። አንዱ ላፕቶፕ ሲሠራ ወንድሙ ለምን እምቢ ይላል? ኢንቴል እንደ ፈረንጆቹ በ2004 ያወጣው የኤችዲ ኦዲዮ ደንብ አምራቾች የቺፑን እግሮች እንደፈለጉ እንዲያገናኙ ይፈቅዳል። አንዱ ስፒከሩን እዚህ ያስራል፣ ሌላው እዚያ። የትኛው የት እንደታሰረ ባዮሱ ውስጥ መዝግቡ ተብለዋል፤ ብዙዎቹ የተሳሳተ ይመዘግባሉ። ለዊንዶውስ በሚያዘጋጁት ድራይቨር ስህተታቸውን ያርሙታል፤ ለሊኑክስ ግን የሚያርምላቸው ሌላ ሰው ነው። ታካሺ ኢዋይ የሚባሉ፣ ሱሰ በተባለው ኩባንያ የሚሠሩ ባለሙያ ለብዙ ዓመታት ይህን የከርነል ክፍል ይጠብቃሉ። ለሪልቴክ ቺፖች የተጻፈው ኮድ በሺዎች በሚቆጠሩ መስመሮች «ይህ ሞዴል ከሆነ እንዲህ አድርግ» እያለ የሚቀጥል ነው። እያንዳንዱ መስመር የመጣው አንድ ቦታ አንድ ሰው ላፕቶፑ ዝም ብሎበት መረጃውን ስለላከ ነው።

መረጃው የሚሰበሰበው አልሳ ኢንፎ በሚባል ትንሽ ስክሪፕት ነው። ቺፑን፣ እግሮቹን፣ የዓምዶቹን ሁኔታ ሁሉ አንድ ፋይል ውስጥ ይጽፋል። የዩኒቨርሲቲው ተማሪዎች፣ ለእናንተ ነው የምናገረው። የነገርኳችሁን ሁሉ አድርጋችሁ ያልተነሳ ላፕቶፕ ስታገኙ አትዘኑ፤ ፋይሉን አውጥታችሁ ከሞዴሉ ስም ጋር ለአልሚዎቹ ላኩ። ከአባይ ማዶና ማዶ ያለን ሰዎች ብቻ አይደለንም ያንን ሞዴል የምንጠቀመው። የሚጨመረው መስመር በሚቀጥለው ከርነል ውስጥ ገብቶ ናይሮቢም ሊማም ላለው ባለቤት ይሠራል። ለዚህም ነው አንዳንዴ አዲስ ከርነል መጫን ብቻ ድምፁን የሚመልሰው። በሚያዝያ 2024 የወጣው ኡቡንቱ 24.04 በየጊዜው አዲስ ከርነል የሚቀበልበት መንገድ አለው፤ ተጠቀሙበት።

የመጨረሻው ጉዳይ የአካባቢያችን ነው። ኢንተርኔት እንደልብ አይደለም። በ2015 ዓ.ም. መጨረሻ በክልላችን ኢንተርኔት ሲቋረጥ የሆነውን ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። የኡቡንቱ መጫኛ ብቻውን ወደ 6 ጊጋባይት ነው፤ በሞባይል ዳታ ሁለት ጊዜ የምታወርዱት አይደለም። ስለዚህ ደሴ የሚወርድ ሰው ባገኛችሁ ቁጥር ፍላሽ ስጡት። መጫኛውን፣ የፈርምዌሩን ፓኬጅና የአልሳ ኢንፎን ስክሪፕት አንድ ላይ አስቀምጡ፤ በየሱቁ አንድ አንድ ቅጂ ይኑር። ዋይፋዩም አብሮ ከጠፋ ስልካችሁን በኬብል ሰክታችሁ ዩኤስቢ ቴተሪንግ ክፈቱ፤ ኡቡንቱ ያለ ድራይቨር ይቀበለዋል።

ከመጫናችሁ በፊት ደግሞ ሞክሩ። ፍላሹ ሲነሳ ሳትጭኑ መሞከር የሚለውን ምረጡና ድምፅ ክፈቱ። እኔ ሁልጊዜ የምሞክረው በአምባሰል ዘፈን ነው፤ ክራሩ ከፍ ዝቅ ሲል የትኛው ስፒከር እንደሞተ ወዲያው ይታወቃል፤ ከወሎ ቅኝት የተሻለ መፈተኛም አላገኘሁም። በፍላሹ ከሠራ ተጭኖም ይሠራል። ካልሠራ ደግሞ ዲስኩን ሳትነኩ፣ አንድ ፋይል ሳይጠፋ አወቃችሁ። በተለይ ዘመድ ከአሜሪካ የሚልከውን ክሮምቡክ ሳትሞክሩ አትጫኑ፤ ድምፁ አስቸጋሪ ነው። ምንም ዘዴ ካልሠራ ዩኤስቢ ላይ የምትሰካ ትንሽ የድምፅ ካርድ ግዙ። ድራይቨሯ ከርነሉ ውስጥ አለ፤ ሰክታችሁ ከአውትፑት ዝርዝር መምረጥ ነው። ሽንፈት ነው የሚል ካለ ማየት ለተሳነው ተማሪ ይንገረው፤ እሱ ዛሬ መስማት ነው የሚፈልገው።

እኔ ከዚህ በላይ አላወራም። ላፕቶፕ የያዛችሁ ወደ ፊተኞቹ ጠረጴዛዎች ቅረቡ፤ የሶኬት ማባዣ ተዘርግቷል። ተርሚናል ክፈቱና ሰሌዳው ላይ ካለው ከመጀመሪያው ትዕዛዝ እንጀምር፤ ኤፍ 6ን ሳትጫኑ ግን ማንም «የእኔ ካርድ የለም» እንዳይለኝ።